እኔ ሳልመጣ እንዳይነካ

የሀጂ አዩብ ልጅ ሰሚር ሱቁ ደጃፍ ላይ ሲቆም፣ ጁነዲን የተቃጠለ ዲናሞ ሆድ ዕቃ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነበር። ቀና አላለም። መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ጀርባ ባለችው በዚያች የላሜራ ሱቅ ተቀምጦ የሰውን ጫማ አይቶ ባለቤቱን ማወቅ ልማዱ ነው። እንዲህ የሚያብረቀርቅ ጫማ አድርጎ እዚያ ጭቃ ውስጥ የሚገባ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው ወደዚህች ሱቅ ከመጣ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ሆኖታል።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጁነዲን።»

«ወዐለይኩሙሰላም።»

«ሰባተኛ ሰፈር ያለውን ቤታችንን ልናፈርሰው ነው» አለ ሰሚር፣ ከደጃፉ ሳይገባ። «ፎቅ ይሠራበታል። እኛ እሑድ ወደ ገርጂ እንገባለን፤ እኔም፣ እህቴም፣ አክስታችንም። ዛፉን መጥተህ ውሰደው።»

ጁነዲን አሁን ቀና አለ። «ዛፉን?»

«አዲሱ ቤት በረንዳ የለውም። አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸው፣ በሕይወት እያሉ የለፋህበት አንተ ነህ። ሌላ ሰው ጋ ሄዶ ከሚደርቅ አንተው ዘንድ ይሁን። ነገ ከጁምዓ በኋላ ና።» ሊሄድ ዞር እያለ ጨመረበት። «እንግዲህ የመጨረሻው ነው።»

ጫማው ተመልሶ ሄደ። አጠገቡ ባለው ሱቅ ኩሽኔታ የሚሸጡት ጋሼ ወልደሚካኤል ጆሯቸውን አቁመው ሲሰሙ ቆይተው ነበርና ወዲያው አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ዛፍ ልትከረክም ስትመላለስ ኖርክ፤ ይኸው ዛፉን ሰጡህ። ደስ አይልህም?»

«ጋሼ፣ ይተዉኝ።»

«እኔማ ትቼሃለሁ፤ ያልተወህ ሌላ ነው። ስማኝ አንተ ልጅ፣ እኔ አርባ ዓመት ኩሽኔታ የሸጥኩ ሰው ነኝ። ቅባት ያጣ ነገር ሲንቋቋ በሩቁ እሰማለሁ። የአንተ ደረት ሰፈሩን አላስተኛው አለ እኮ!»

ሌላ ቀን ቢሆን ጁነዲን ይስቅ ነበር። ያን ቀን ግን እጁ ላይ ያለውን ሽቦ አገላበጠ። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ነገ ያንን ዛፍ አቅፎ ከዚያ ቤት ከወጣ፣ የሰሚርን እህት ሱሀይርን የሚያይበት ምክንያት በዚህች ምድር ላይ አይኖረውም። ነገ ካልተናገረ መቼም አይናገርም።

ልጆቼ፣ ዲናሞ ጠቅላይን፣ የተቃጠለ ዲናሞ ሽቦ የሚጠቀልልን ሰው፣ ከዛፍ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው።

በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሀጂ አዩብ ጨርቅ ሊያመጡ ሩቅ ምሥራቅ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ከጨርቁ ጋር አንድ ጠፍጣፋ ሰማያዊ የሸክላ ሳህንና አንድ የሥዕል መጽሐፍ ይዘው መጡ። ሳህኑ ባዶ ነው። ባረፉበት ሆቴል፣ እንደዚህ ባለ ሳህን ላይ የቆመ፣ ቁመቱ ከክንድ የማይበልጥ፣ ግንዱ ግን የመቶ ዓመት ሽማግሌ የመሰለ ዛፍ አይተው ልባቸው እዚያው ቀርቶ ነበር። ቦንሳይ ይባላል። ዛፉን ማውጣት አይቻልም ቢሏቸው ሳህኑን ገዝተው መጡ። ከዚያም ከአገር ቤት፣ ከስልጤ፣ ፍየል ለዘመናት እየጋጠችው ከጉልበት በላይ ማለፍ ያቃተው አንድ ወይራ ከነአፈሩ አስቆፍረው በኢሱዙ አስመጡ።

አሁን ማን ይሥራው? መርካቶ ውስጥ የዛፍ አዋቂ ከየት ይመጣል! ሀጂ መጽሐፉን ገለጡ፣ ደግመው ገለጡ፤ በሥዕሎቹ ላይ ቅርንጫፉ ሁሉ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። «ይኼማ የዲናሞ ሥራ ነው!» አሉ። እናም አትክልተኛ ቀርቶ ዲናሞ ጠቅላይ ተጠራ። እንዲህ ያለ ፍርድ የሚፈረደው መርካቶ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሀጂ አልተሳሳቱም። መዳብ እሳት ላይ ሲግል እንዴት እንደሚለሰልስ፣ ስንት ጊዜ ቢታጠፍ እንደሚደነድን፣ የጁነዲን ጣት ያውቅ ነበር።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ጁነዲን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው የሀጂ ልጅ ሱሀይር እየተረጎመች ታነብለት ጀመር። እሷ ከዚያ፣ እሱ ከዚህ፣ ዛፉ መሀል። አክስቷ እትዬ ሙሚና ደግሞ ሙስባሓቸውን እየቆጠሩ ጥግ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሴትና ወንድ ብቻቸውን አይሆኑማ።

«ቅርንጫፉን ስታጎብጥ አውራ ጣትህን ከሥሩ ደግፍ ይላል» ብላ አነበበችለት በመጀመሪያው ቀን። «ዛፉ በቃኝ እስኪልህ ድረስ ብቻ አጉብጠው ይላል።»

«እንዴት ነው በቃኝ የሚለኝ?»

ገጹን ገለበጠች። «እሱን አልጻፉትም።»

«ሲሰበር ይነግርሃል!» አሉ እትዬ ሙሚና ከጥግ።

ሱሀይር ሳቀች። ጁነዲን ያን ሳቅ ሰምቶ እጁ ላይ የያዘው ሽቦ ተፈታበት። የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ዓይኑን ወደ ዛፉ መለሰና እስከዚህ ዓመት ድረስ ወደ እሷ አላነሳውም ማለት ይቻላል። የተከራያት ክፍል ጣሪያዋ ያፈሳል፤ እናት አባቱ ገና በልጅነቱ አልፈዋል። የእሷ አባት ስም ደግሞ በጨርቅ ነጋዴዎቹ ዱባይ ተራ ላይ ሲጠራ ሰው መንገድ ይለቃል። ዓይን ማንሳት ለእሱ ከሌብነት አይተናነስም ነበር።

በየወሩ የመጀመሪያው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይመጣ ነበር። ዛፍ በዲናሞ ፍጥነት አይሠራም። የግራው ቅርንጫፍ ተኝቶ ለመቅረት አራት ዓመት ፈጀ። የቀኙ ሁለት ጊዜ ታስሮ ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። በየሦስት ዓመቱ ዛፉ ከሳህኑ ይወጣል፤ ወፋፍራሙ ሥር ተቆርጦ ቀጫጭኑ ይቀራል፤ በተነፋ ቀይ አሸዋ ተመልሶ ይተከላል። ቅጠሉ በየክረምቱ እያነሰ፣ ግንዱ በየበጋው እየከበደ ሄደ። በስምንተኛው ዓመት ሀጂ አዩብ በረንዳው ላይ ተንበርክከው ከታች ወደ ላይ አዩትና «ሱብሃነላህ! ከሥሩ ሰው የሚያርፍበት ዛፍ ይመስላል» አሉ።

ከዛፉ አጠገብ አንድ ባለ መስመር ደብተር ነበር። በመሀሉ ባሉት ሳምንታት ዛፉ ያደረገውን ሱሀይር ትጽፋለች፤ ጁነዲን ሲመጣ አንብቦ ከሥሩ መልስ ይጽፋል። «ለወንድም ጁነዲን፣ በጀርባ በኩል ሦስት ቅጠል አቆጠቆጠ።» «ለእህት ሱሀይር፣ ሁለቱን ቁረጪ፣ መሀለኛውን ተይው።» ደብተሩን ማንም ሰው ከፍቶ ቢያነበው ከቅጠል በቀር አንድ ነገር አያገኝም። እነሱ ግን፣ ልጆቼ፣ ስንት ነገር አነበቡበት! «ዛሬ ብርድ ነው፣ ወደ ውስጥ አስገባሁት» ብላ ስትጽፍ፣ ጁነዲን ወር ሙሉ የሚሞቀው ነገር ያገኛል።

ሁለት ሰዎች ለትዳር ጠየቋት፤ ሁለቱንም አልፈልግም አለች። ከዚያ ሀጂ አዩብ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ሲወድቁ እጃቸውም እግራቸውም እሷ ሆነች። ሰዉ «ቆማ ቀረች» አለ። ሰው መቼም ወሬ አያልቅበትም።

በዘጠና ዘጠኝ፣ ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ሰሚር በዚያው በሚያብረቀርቅ ጫማው ሱቁ መጣ። «አባታችን እንደምታውቀው ነው፤ ቤቱ ሰው በዝቶበታል። ዛፉም አልቋል አይደል? ስንፈልግህ እንጠራሃለን» አለው። ቃሉ በጨዋ ደንብ ነበር የተነገረው። ጁነዲንም በጨዋ ደንብ «እሺ» አለ። ጠበቀ። ዓርብ አለፈ፤ ሌላ ዓርብ አለፈ። የጠራው የለም።

በተከተለው ጥር አላስችል ቢለው በሰባተኛ በኩል አለፈ። ቀና ሲል ሱሀይር በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሷ ወዲያው ዞራ ገባች። እሱም አንገቱን ሰበረ፤ ሸክም በያዙ ኩሊዎች መሀል እየተጋፋ ሄደ። «ፊቷን አዞረችብኝ» አለ በልቡ። በዚያች ቃል አንድ ዓመት ሙሉ ታመመ።

ሰሚር በቀጠረው ዓርብ፣ ከሶላት በኋላ፣ ጁነዲን የሰባተኛውን ቤት የእንጨት ደረጃ ወጣ። መቁረጫ ፒንሳውን ኪሱ ውስጥ ጨብጧል። የቤቱ ዕቃ ግማሹ ታስሯል፤ ምንጣፉ ተጠቅልሏል፤ የጨርቅ ጣቃ በጣቃ ላይ ተቆልሏል። እትዬ ሙሚና አንድ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ሙስባሓው ግን ይሄዳል።

«ጁነዲን ነህ? በእግርህ አወቅሁህ። ሦስተኛዋን ደረጃ ስትረግጥ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የምትረግጣት።»

«እንደምን አሉ እትዬ ሙሚና? አላህ ጽናቱን ይስጣችሁ።»

«አሚን። ግባ፣ በረንዳው ላይ ነው ያለው። ሱሀይርም እዚያው ናት።»

ሱሀይር ጥቁር ሻሽ አስራ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ከሳለች። ጁነዲን የሐዘን ቃሉን ተናገረ፤ እሷም በራሷ ንቅናቄ ተቀበለችው። ከዚያ ወደ ዛፉ ዞረ።

የአናቱን ቅርንጫፍ ጎንበስ ብሎ አየ።

ሽቦው አልተነሳም። በዘጠና ዘጠኝ ግንቦት በገዛ እጁ የጠመጠመው ቀጭን መዳብ እዚያው ነው። ሁለት ክረምት አልፎበታል። ቅርንጫፉ ወፍሮ፣ ሽቦው ቅርፊቱን ሰንጥቆ ገብቶ፣ ቅርፊቱም ከላዩ እየዘጋ፣ መዳቡ አንዳንድ ቦታ ላይ ጨርሶ አይታይም። ሥጋ ውስጥ የቀረ ክር ነው የሚመስለው። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ ይህ ነው፤ ሽቦ ክረምት ሳይገባ ይቆረጣል።

«ሽቦውን...» አለ። «ሽቦውን ማንም አላየውም?»

«አይቼዋለሁ» አለች ሱሀይር።

«አይተሽው ነው?»

«በየቀኑ።»

ያኔ የአንድ ዓመት ተኩሉ ሁሉ በአፉ ወጣ። «መጽሐፉን ያነበብሽልኝ አንቺ አይደለሽም? ዛፉ ሲወፍር ሽቦው ይበላዋል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ፒንሳ ለማንሳት ምን ያህል ይከብዳል? እኔን ካልፈለግሽ እሺ፤ ደሃ ነኝ፣ አውቃለሁ። ዛፉ ምን አደረገሽ? አሥራ ሁለት ዓመት የለፋሁበትን በሁለት ክረምት አስበላሽው!»

ሱሀይር ወደ ውስጥ ገባች። እትዬ ሙሚና ሙስባሓቸውን አቆሙ። ተመልሳ ስትመጣ ደብተሩን ይዛ ነበር። ከፍታ ፊቱ ላይ ዘረጋችለትና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አስቀመጠች።

«አንብበው።»

«ሱሀይር...»

«ያኔ እኔ ነበርኩ የማነብልህ። ዛሬ አንተ አንብብልኝ።»

የራሱ ጽሕፈት ነው፤ ያ የተንጋደደ፣ ወደ ቀኝ የሚወድቀው።

«ግንቦት 3 ቀን 1999። የአናቱ ቅርንጫፍ ዛሬ ታሰረ። ቀጭን ስለሆነ ሊሰበር ይችላል። እኔ ሳልመጣ እንዳይነካ።»

ይህን መጻፉን ረስቶት ነበር። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ስንት ጊዜ ጽፏል! በወሩ ሊመለስ ያሰበ ሰው ነው የጻፈው። ገጹን ገለጠች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእሷ ጽሕፈት ነው፣ ከሥሩ መልስ የሌለው።

«ሰኔ 15። ለወንድም ጁነዲን፣ በዚህ ወር አልመጣህም። ሽቦው ገና ልቅ ነው።

«ሐምሌ 6። ሽቦው ቅርፊቱን ነክቷል። ሰሚር እንዲጠይቅህ ልኬዋለሁ።

«ሐምሌ 20። ሥራ በዝቶብኛል፣ አልመጣም ብለሃል አለኝ ሰሚር። ልቁረጠው ወይስ ልጠብቅ? ይህን አልጻፍክልኝም።

«መስከረም 9። ቅርፊቱ በሽቦው ላይ እየዘጋ ነው። ዛሬ ፒንሳ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

«ጥር 12። በመንገድ ስታልፍ አየሁህ። ደረጃውን ሮጬ እስክወርድ ሄደሃል።

«ሰኔ 30። አባባ ዛፉን እያየ አለቀሰ። ሽቦውን አልነካሁትም።

«ጥቅምት 22። አባባ አረፈ። አልነካሁትም።»

ፊደሎቹ ከዓይኑ ፊት ተደባለቁበት። ያቺ ጥር! ፊቷን አላዞረችም፤ ወደ ደረጃው ሮጣ ነበር። እሱ አንገቱን ሰብሮ ሲሄድ እሷ በር ላይ በሰው መሀል ትፈልገው ነበር።

«በዚህ ቤት ሰው ሁሉ እንደፈለገ ያዘኛል» አለች ሱሀይር፣ ቀስ ብላ። «ይህን አብስይ፣ ያንን አስታሚ፣ ለዚህ ሰው እሺ በይ። አንተ ግን ከእኔ የፈለግኸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጠብቂ አልክ። ሽቦው ሲበላው እያየሁ፣ ብቆርጠው ይድናል እያልኩ... የቆረጥኩ ቀን አንተን መጠበቅ የተውኩ መሰለኝ። ዛፉን በደልኩት። አውቃለሁ። አንተን ግን አልበደልኩህም።»

ጁነዲን ከሳህኑ ፊት ተንበረከከ። ፒንሳውን አወጣ። የገባ ሽቦ አይፈታም፤ ልፍታው ያለ ሰው ቅርፊቱን አብሮ ይገፍፈዋል። እየቆራረጡ፣ ቁራጭ በቁራጭ፣ እንደ እሾህ ነው የሚያወጡት።

«ከሥሩ ደግፊልኝ» አላት። «በአውራ ጣት።»

መጣችና ከወዲያ በኩል ተንበረከከች። አውራ ጣቷን ከቅርንጫፉ ሥር አስገባች። በጣቷና በፒንሳው መሀል ከቅጠል የሚሰፋ ርቀት አልነበረም። የመጀመሪያው ቁራጭ ጠብ አለ።

«ጠይቀው ብለሽ ልከሻል ማለት ነው» አለ ሳያያት። «እኔ ዘንድ የደረሰው ስንፈልግህ እንጠራሃለን የሚል ነበር።»

ጣቷ ደነገጠ። «ማን አለህ?»

ዝም አለ። ወንድምና እህት ማጣላት አልፈለገም። ዝምታው ግን ነገራት። ሁለተኛው ቁራጭ ወጣ፤ ቅርፊቱ ሥር ነጭ ቦይ ቀረ።

«ሱሀይር፣ እኔም የምነግርሽ አለኝ» አለ። እጁ እየሠራ ስለሆነ ነው አፉ የደፈረው። «ይህ ዛፍ በዘጠኝ ዓመቱ አልቆ ነበር።»

«ምን?»

«አልቆ ነበር። መጽሐፉ ላይ ካሉት አንድ የሚጎድለው አልነበረም። ይህቺን የአናት ቅርንጫፍ ደህና አድርጋ ባደገች ቁጥር እቆርጣትና እንደገና ከእንቡጥ አስነሳታለሁ። አላማረችም፣ አንድ ዓመት ትፈልጋለች እያልኩ ለአባትሽ እዋሻለሁ። ሦስት ጊዜ ቆርጫታለሁ። ዛፉ ምንም አልጎደለውም። ዛፉ ካለቀ እኔ በምን ልምጣ?»

«አራት ጊዜ ነው» አሉ እትዬ ሙሚና ከውስጥ። «ሦስት አይደለም። እኔ ያን ጊዜ ዓይን ነበረኝ።»

ሱሀይር ቅርንጫፉን እንደደገፈች አቀረቀረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየም። ከዚያ ከበስተኋላ ድምፅ መጣ።

«ምንድነው ይኼ?»

ሰሚር በረንዳው በር ላይ ቆሟል። ምን ያህል እንደሰማ ፊቱ ይናገራል።

ጁነዲን ተነሳ። ሊሸሽ የሚገባው ጊዜ ይኸው ነበር፤ አሥራ አራት ዓመት የለመደው መሸሽ። ግን የመጨረሻው ነው ተብሎ ተነግሮታል። ከዚህ ወዲያ የሚሸሽበት ሌላ ዓርብ የለም።

«ሰሚር» አለ። «ሀጂ ቢኖሩ እሳቸውን ነበር የምጠይቀው። ሲኖሩ አልደፈርኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ወሊዋ፣ የምትድራት፣ አንተ ነህ። ሱሀይርን በኒካሕ ስጠኝ።»

«አንተ ዲናሞ ጠቅላይ ነህ» አለ ሰሚር።

«ነኝ።»

«ሰዉ ምን ይላል?»

«ሰዉ!» አለች ሱሀይር ብድግ ብላ። «ሰዉ አሥር ዓመት ቆማ ቀረች ሲለኝ የት ነበርክ? ሐምሌ ላይ ጠይቀው ብዬ ስልክህ አልመጣም ብሏል አላልከኝም?»

ሰሚር ቀላ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አይቼዋለሁና ልመስክርለት፣ ለስሙ የሚጨነቅ ሰው ነበር። «አባባ እንደዚያ ተኝቶ... ጠያቂው ይገባል ይወጣል። የዱባይ ተራ ሰዎች ማውራት ጀምረው ነበር። ስምሽን ልጠብቅ ብዬ ነው፣ እህቴ።»

«ስሜን ጠበቅከው» አለች። «እኔንስ?»

ከታች የሰባተኛ ጩኸት፣ የኩሊው «ዞር በል!»፣ የታክሲው ጥሩምባ፣ ሁሉም ይሰማል። ሰሚር ወለሉ ላይ የወደቁትን የመዳብ ቁርጥራጮች አየ፣ ቅርንጫፉን አየ፣ በመጨረሻ የተከፈተውን ደብተር ጎንበስ ብሎ አየ። አንብቦ ቀና ሲል ሽማግሌ መስሎ ነበር። አንድ ጣቃ ላይ ተቀመጠ።

«አክስቴ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«ዕውር የሆንኩት አምና ነው፣ ልጄ» አሉ እትዬ ሙሚና። «አባትህም ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ይናገራል እያለ ነው የሞተው።»

ጁነዲን ወደ ዛፉ ዞረ። ሀጂ ያውቁ ነበር! በየዓመቱ «አላማረችም» ሲላቸው «እሺ፣ አንተ ካልክ» ብለው የሚመልሱለት ለዚህ ነበር። የፈራው በር ላይ ቁልፍ አልነበረም።

ሰሚር ተነሳ። ልብሱን አራገፈ። ጁነዲንን ትክ ብሎ ሲያየው ቆየና «ሐሙስ ሰው ላክ» አለ።

«ሰሚር...»

«እሺ አላልኩም! ሰው ላክ ነው ያልኩት። የሀጂ አዩብ ልጅ በረንዳ ላይ ተቆሞ በፒንሳ አትጠየቅም። ሽማግሌ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይጠይቃል። ገርጂ ነው፤ ቤቱን ጠፋብኝ እንዳትል።» ወደ ደረጃው ሄደና ቆመ፤ ዞሮ ግን አላያቸውም። «አንቺ፣ እህቴ... ይቅር በይኝ» አለ፤ ወረደ።

ሱሀይር እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ሲቀበሩ አላለቀሰችም፤ ቤት ሙሉ ለቀስተኛ ስታስተናግድ ጊዜ አላገኘችም ነበር። አሁን መጣባት። ፊቷን በሻሿ ሸፍና፣ ለአባቷ፣ ለሁለቱ ክረምቶች፣ ለሠላሳ ሦስት ዓመቷ፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ አለቀሰች።

ኒካሕ አላሰረምና ጁነዲን ሊነካት አይችልም። ዝም በይ ሊላትም አልፈለገም። የቀረችውን አንዲት የሽቦ ቁራጭ አወጣና ፒንሳውን አስቀመጠ። የመጣበት ሥራ አለቀ። ሌላ ቀን ቢሆን እዚህ ላይ ነበር ተነስቶ «በሉ ደህና ሁኑ» የሚለው።

«ቁጭ በል» አሉት እትዬ ሙሚና። «የት ልትሄድ ነው?»

«የትም» አለ።

ግድግዳውን ተደግፎ ከእሷ ራቅ ብሎ ተቀመጠና ለቅሶዋ እስኪያልፍ ጠበቀ። በዚያ ቤት ለመቀመጥ ምክንያት ሳይፈልግ ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር።